በአንድ ቋጠሮ እስከ አንኮበር

በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ጽሕፈትም ቀማምሼ ስለነበር፣ የኔታ ቄስ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጉብኝ ነበር። ተስፋቸውን ያስቆረጣቸው ስንፍናዬ ሳይሆን ቁጣዬ ነው። በድምፄ የሳቀብኝን ጓደኛዬን በመቋሚያ መትቼ መቋሚያውን ለሁለት ከሰበርኩት በኋላ፣ «አንተስ ከበሬ ጋር ብትውል ይሻልሃል፤ በሬ ቢቆጡት አይቀየምም» ብለው ወደ አባቴ ሰደዱኝ። አሁን አርጅቼ ይህን ስጽፍ ቁጣዬ ከጥርሴ ጋር አብሮ ረግፏል። የምጽፈው ግን ሁለቱም ሙሉ ስለነበሩበት ጊዜ ነው።

መሬታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ለአንኮበር ቀረብ ብሎ፣ ነፋስ ከማይለየው ተረተር ሥር ነበር። «መሬታችን» ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ የእኛ አልነበረም። አባቴ በጎልማሳነቱ ባዶ እጁን መጥቶ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ በለቀመው ድንጋይ ካብ ክቦ ገብስና ባቄላ ያበቀለበት የሰው ርስት ነው። ባለ ርስቱ ከእኛ ጎጆ ቁልቁል የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባለ ርስት ስል በበቅሎ ተቀምጠው አሽከር የሚያስከትሉ ጌታ እንዳይመስላችሁ። በቅሏቸው ሞታ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ኩታቸው እንደ እኛው የተጣፈ ሰው ነበሩ። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ያህል ሲኖሩ ክፉ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም።

አባቴ መሬቱን የያዘው በእርቦ ነበር። ምርቱ አውድማ ላይ አራት ቦታ ይከመራል፤ ባለ ርስቱ አንዱን ክምር ይወስዳሉ፣ ሦስቱ የእኛ ነው። ከሦስቱ ላይ የመንግሥት አሥራት ይወጣል፣ የከርሞ ዘር ይቀመጣል፣ የቀረው፣ ዓመቱ ካልከፋ፣ ክረምቱን ያሻግረናል።

ባለ ርስት ከፈለገ ድርሻውን ከፍ አድርጎ ሲሶ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ምርቱ ሦስት ቦታ ተከምሮ አንዱ የእሱ ይሆናል። መሬቱ መሬቱ ነውና ማንም አይከለክለውም። ግን በአገራችን ልማድ ይህን ቃል ዘር ሳይወድቅ መናገር አለበት። ጭሰኛው ሰምቶ እሺ ካለ ይዘራል፤ ካልተስማማው በሬውን ነድቶ ሌላ መሬት ይፈልጋል። ዘር ከወደቀ በኋላ የመጣ ቃል ለከርሞ እንጂ ለዘንድሮ አይሠራም። ለደሃ የተተወለት አጥር ይህ አንዱ ብቻ ነበር፤ እኛም አጥራችንን አሳምረን እናውቅ ነበር።

አባቴ በግንቦት ሞተ። እናቴን ቀደም ብዬ አጥቻት ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ሚስቴ ብቻ ነን። አርባው ሳይወጣ ዘራሁ፤ ሰኔ ሰው አይጠብቅም። በነሐሴ፣ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ሰሞን፣ ሴት ልጅ ተወለደችልን። አባቴ ሳያያት መቅረቱ ያንገበግበኝ ነበርና፣ ማልቀሱ ለጎልማሳ አይሆንም ብዬ በሬዎቹን እሰድባቸው ነበር።

በጥቅምት ገብሱ አማረ። ሽማግሌው አንድ ቀን ረፋድ ላይ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ማሳው ወጡ። ሚስቴ ልጇን አዝላ ከካቡ ሥር አረም ትነቅላለች።

«ጥሩ ገብስ ነው። እግዜር ይባርክልህ» አሉ።

«አሜን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ሲወቃ ሦስት ቦታ ትከምረዋለህ።»

ተሳስተው መሰለኝ። «አራት ለማለት ነው?»

«ሦስት። ዘንድሮ ሲሶ ነው። በግንቦት ለአባትህ ነግሬው እሺ ብሎኛል፤ ሳይነግርህ ሞተ እንዴ?»

ገብሱ ሳይሆን የአባቴ ስም ነው ያቃጠለኝ። ሞቶ መልስ የማይሰጠውን ሰው ምስክር አድርገው የመጡብኝ መሰለኝ። ባለ ርስትነታቸውን፣ ሽበታቸውን፣ አባቴ እሳቸው ሲመጡ ከመቀመጫው መነሣቱን፣ ሁሉን ረሳሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኳቸው።

«ሙት ምስክር ይዘህ መጣህብኝ? በንጉሥ አምላክ! ከዳኛ ፊት ሳትቀርብ ከዚህ ማሳ አንድ ዛላ አትነካም!»

ሚስቴ የያዘችውን አረም ከእጇ ጣለች። የጠፋኝ ነገር ለእሷ ወዲያው ገብቷታል። ዝም ብዬ ቢሆን፣ ወይም ሰድቤያቸውም ቢሆን፣ ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። በንጉሥ አምላክ ካሉ በኋላ ግን ቃሉ የተናጋሪው አይደለም። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ከሳሽም ተከሳሽም የንጉሡ እስረኛ ናቸው፤ ነገሩን በመንደር መጨረስ ነውር ብቻ ሳይሆን ያስቀጣል።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። «አንተ አልከኝ?» አሉ ብቻ።

ጭቃ ሹማችን ማሳው ድረስ መጣ። የመንደራችንን ግብርም ጠብም ሁሉ የሚይዝ፣ ነገር የሰለቸው ሰው ነው። «ምን ነካህ? አንድ ጠዋት ዛፍ ሥር ብንቀመጥ ያልቅ አልነበረም?» አለኝ። እየተነጫነጨ የሽማግሌውን ኩታ ጫፍና የእኔን ኩታ ጫፍ ይዞ ሁለት ጊዜ ቋጠረው። እንግዲህ ተቆራኘን። ይህን ቋጠሮ ከአንኮበር ዳኛ በቀር ማንም አይፈታውም፤ የፈታ ሰው ተረትቷል።

ያን ዕለት ሽማግሌው እኔ ቤት መደብ ላይ፣ እኔም ከመደቡ ሥር አደርን። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሚስቴ በሶ በስልቻ፣ ውሃ በቅል አዘጋጀች። ሽማግሌው ደጅ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ እኔም በቋጠሮው ልክ በሩ ላይ እንደ ቆምኩ፣ ቀስ ብላ ተናገረችኝ።

«ሲሶ ከሆነ ዘሩን እንበላዋለን» አለች። «ዘሩን ከበላን በየካቲት፣ መሬት ለጭሰኛ ሲሰጥ፣ መሬት የለንም። ከዚያ በኋላ ቆላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የወንድሜ ልጆች ሁለቱም በአንድ ክረምት በንዳድ የቀሩት እዚያ ነው። እኔ ይህቺን ይዤ ቆላ አልወርድም። እንደ ፈለግህ ተሟገት፣ እርቦውን ይዘህልኝ ና። ብቻ ደግመህ አንተ እንዳትላቸው።»

ልጃችን በጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር። ወጣሁ።

ከሰው ጋር ተቋጥሮ መሄድ እንዴት እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። እኔ ዳገት በሩጫ የምወጣ ነኝ፤ እሳቸው በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ። መጀመሪያ ስቸኩል ኩታዬ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ ጎተት ሳደርጋቸው ደግሞ ይደናቀፋሉ። ሁለት ጊዜ ተደናቅፈው ሦስተኛው ላይ በራሴ አፈርኩና እርምጃዬን አሳጠርኩ። ለሽንት ዘወር ያሉ እንደሆነ እኔ ወደ ገደሉ ዞሬ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እመለከታለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እሳቸው ዞረው ማሳ ስለሚያጠፋ ዝንጀሮ ያወሩኛል። ኩርፊያዬን ይዤ መቆየት ፈልጌ ነበር፤ ግን እንዲህ ሆኖ ማኩረፍ አይቻልም።

ጉሙ ከቆላው በኩል እየወጣ ጅባራውን አንድ በአንድ ሲሸፍን፣ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን በሶ በላን። ቋጠሮው አጭር ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ነው። በሶውን እኔ በጠበጥኩ፤ እሳቸው ባረኩ። በአንዱ ቅል ተቀባብለን ጠጣን። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቅሉን ከሥሩ ደገፍኩላቸው፤ አመስግነውኝ ጠጡ።

«አንተ አባትህን አትመስልም» አሉኝ አፋቸውን ጠርገው።

«ብዙ ሰው ይለኛል።»

«እሱ ሲቆጣ ካብ ይክባል እንጂ አይናገርም ነበር። ያ ከላይ ያለው ረጅሙ ካብ፣ እኔን ተቆጥቶ የካበው ነው።» ፈገግ አሉ። «ምን እንዳደረግሁት እሱም እኔም ረሳነው። ካቡ ግን ቀረ።»

መሳቅ አልፈለግሁም ነበር፤ ሳቅሁ። ከዚያ እሳቸው ሳይጠየቁ ስለ ሲሶው አነሡ። ሴት ልጃቸው ሦስት ልጆች ይዛ ወደ ቤታቸው ተመልሳ ኖሯል፤ ባሏ ከዘመቻ አልተመለሰም። እሷና ልጆቿ መኖራቸውን አይቻለሁ፤ ምን እንደሚበሉ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

«አባትህ መታመሙን ሰምቼ መጣሁ» አሉ። «አንተ እንጨት ትፈልጥ ነበር፤ ሚስትህ ውሃ ወርዳለች። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እንዲህ ባለ ቀን የሲሶ ነገር አይወራም፤ አውቃለሁ። ግን ሰኔ ደረሰ፤ ልማዱ ልማድ ነው፤ ዘር ከወደቀ ይቀርብኛል። እጁን ያዝኩና ነገርኩት። 'ልጄ ከነልጆቿ መጥታብኝ ነው እንጂ በአንተ አላደርገውም ነበር፤ ይቅር በለኝ' አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ።»

ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቅንቀው አሳዩኝ።

«ሁለት ጊዜ ነቀነቀልኝ። ሲሶውን እሺ ሲለኝ ነው፣ ይቅርታውንም ሲሰጠኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከአባትህ የቀረኝ እሱ ነው። ተኝቼ ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የማውቀውን ግን አውቃለሁ፤ ያንን ሳምንት ለእንጨት ካልሆነ በቀር ከአባቴ አጠገብ ያልተለየሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ከመጡበት ቀን ዋዜማ ጀምሮ አባቴ አይሰማም ነበር። ስሙን ስጠራው አይመልስም፤ ዓይኑ ተከፍቶ እኔን አያየኝም። ከንፈሩን በውሃ በተነከረ ጥጥ አርስለት ነበር። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ራሱ ይነቀነቃል፤ ማንም ባይኖርም ይነቀነቃል። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ነገር ግን የነገሩት ለማይሰማ ሰው ነው። ያልተሰማ ቃል ደግሞ እንዳልተነገረ ነው። ክርክሩ በእጄ ገባ፤ የሚስቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ምላሴ ቀደመኝ።

«አባቴ ያን ቀን አይሰማም ነበር» አልኩ። «ከዋዜማው ጀምሮ ነፍሱን አያውቅም። ራሱን ያስነቀነቀው ትኩሳቱ ነው። ማንም ሳይኖርም ይነቀንቅ ነበር።»

ይህን ስናገር ክፉ አላሰብኩም፤ ገብሴን ብቻ ነው ያሰብኩት። ሽማግሌው አዩኝ። እንደሚከራከር ሰው አልነበረም ያዩኝ። የነገርኳቸው የሞት መርዶ ነበር የሚመስለው፤ አባቴ ያን ጊዜ ገና የሞተ ያህል። ቅሉን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና «እንሂድ» አሉ።

እሳቸው ከዚያ እስከ አንኮበር ለማረፍ አልቆሙም። አሁን የምከተለው እኔ ነበርኩ።

አንኮበር የደረስነው ቀትር ሳይሆን ነው። ዳኛው ከአደባባዩ ዳር ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰው ከቧቸዋል። ከእኛ በፊት ስለ ጠፋች ፍየል የሚሟገቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አንደበታቸው እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ተራችን ሲደርስ አደግድጌ ቆምኩና፣ እንዳየሁት እግሬን አንሥቼ መሬቱን መትቼ በሙግት ወግ «ተጠየቅ!» አልኩ። ሽማግሌውን በአንድ ቋጠሮ አብሬ ስላንገጫገጭኳቸው ሰው ሳቀ። በልማዱ መሠረት መወራረድም ነበረብኝና «በአንድ ጉንዶ ማር!» አልኩ። ቀፎ እንኳ አልነበረኝም።

ዳኛው ከሳቁ በኋላ «ማሩ ይቆይህ፤ ነገርህን ተናገር» አሉኝ። ነገሬን ተናገርኩ። ቃሉ ዘር ሳይወድቅ እኔ ዘንድ አልደረሰም፤ አባቴ ዘንድም አልደረሰም፤ ስለዚህ ዘንድሮ እርቦ ነው። አጠር ብሎ አማረልኝ።

«እርስዎስ?» አሏቸው ሽማግሌውን።

«ነግሬዋለሁ፣ ጌታዬ። በግንቦት።»

«ማን ሰማ?»

«እኔና እሱ ነበርን።»

ዳኛው ጢማቸውን አሻሹ። ነገሩን ብዙ ጊዜ እንዳዩት ያስታውቃል። ሰሚው ሞቷል፣ ምስክር የለም፤ ስለዚህ መሐላ ነው። «ነግሬዋለሁ፣ እሱም ሰምቶ እሺ ብሎኛል ብለው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይማሉና ሲሶዎን ይውሰዱ» ብለው ፈረዱ። ወደ እኔ ዞረው «ከማሉ በኋላ ነገር የለህም» አሉኝ።

መሐላው ለእሳቸው ከተሰጠ አለቀ ማለት ነው። የሚስቴን ፊት አየሁ፤ ቆላ የሚወርደውን መንገድ አየሁ፤ ከዚያው ከቆምኩበት ቁልቁል በእርግጥም ይታይ ነበር፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ ሐሩሩ እየተንቀለቀለ። ክርክር አውቃለሁ ብዬ መንገድ ላይ መለፍለፌ ምን ጠቀመኝ? የሰማኝ ዳኛው ሳይሆን ተከራካሪዬ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነበር። ቄሱ መስቀልና ወንጌል ይዘው ወደ ደጃፉ መጡ፤ ዳኛውና ጥቂት ሰዎችም ተከተሉን። እኔ ተቋጥሬ ስለነበር አጠገባቸው ቆሜ፣ እጃቸው ወንጌሉ ላይ ሲያርፍ አየሁ። እንደ ቅሉ ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

«ለአባቱ ነግሬዋለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «ብዋሽ እግዜር ይፍረድብኝ።»

«እሱም ሰምቶ እሺ ብሎኛል ይበሉ» አሉ ቄሱ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቄሱ ያልሰሟቸው መስሏቸው ደገሙት።

«ይህን አልልም» አሉ ሽማግሌው።

ዳኛው ጠጋ አሉ። «ለምን? አልሰማም ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰምቷል ብዬ እምል ነበር፤ እውነቴንም ነበር። አሁን ግን አላውቅም። የማላውቀውን አልምልም።» እጃቸውን ከወንጌሉ ላይ አነሡ።

ቤታቸው ውስጥ ያሉት ሦስት ልጆች፣ ያቺ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ልጃቸው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ላይ ነበሩ። ያ ቃል ደግሞ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ቃል ነበር። ይህን ያኔ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ። አንጀቴን በላው፤ አፌ ግን ተዘጋ፤ የእኔም ልጅ ቤት ነበረች።

ዳኛው ወደ ጽዱ ሳይመለሱ እዚያው ፈረዱ። «ዘንድሮ እርቦ ነው። ለከርሞ ሲሶ የፈለጉ እንደሆነ ዘር ሳይወድቅ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ ለሚሰማ ሰው ይንገሩ።» አሽከራቸው ቋጠሮውን ሊፈታ ሞክሮ ስላልቻለ በጥርሱ ፈታው። ሰው ተበተነ።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። እየሮጥኩ ቁልቁለቱን ወርጄ ለሚስቴ መንገር ነበር የምፈልገው። ሽማግሌው ግን በቋጠሮው የተጨማደደውን የኩታቸውን ጫፍ በእጃቸው እየዳበሱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ሂድ እንጂ» አሉኝ። «ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

«በዚህ ጉም ብቻዎን አይሄዱም።»

የመልስ ጉዞ ጀመርን። የሚያስተሳስረን ነገር የለም፤ ሆኖም እርምጃዬ ሳላውቀው አጥሮ ቀርቷል። ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ።

«ሲሶውስ ይቅር» አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። «በርበሬ ሳይገዛ ይከረማል፤ በግም ይሸጣል። ያ ይቅር በለኝ ያልኩት ግን የት ገባ? ባዶ ቤት ነዋ ያወራሁት። አባትህ ይቅር ሳይለኝ ሄደ።»

በሕይወቴ ብዙ ተናግሬ ብዙ ተጸጽቻለሁ። በዚያች ድንጋይ ላይ ግን ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጋር እኩል ሄደች።

«ያን ዕለት ማታ መለስ ብሎለት ነበር» አልኩ።

ዞረው አዩኝ።

«ለጥቂት ጊዜ ነው። ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ። 'ወዳጄ መጥቶ ነበር፤ እጄን ይዞኝ ነበር፤ እጁን አውቄዋለሁ' አለኝ። 'የሚለኝን ግን አልሰማሁትም። ምንም ይሁን ምን፣ ይቅር ብዬዋለሁ በለው' አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

አባቴ አልነቃም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አንድም አልተናገረም።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ በኀዘኑ ረሳሁት። ኋላ ተናደድኩብዎት።»

ይህን አመኑኝ፤ ቁጣዬን አገሩ ሁሉ ያውቀዋልና። የቀረውን ግን ያመኑት አልመሰለኝም። በጣም ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚለምን፣ «ማልልኝ» አሉኝ።

እንዲህ ያለ መሐላ እሳቸው ለገብሳቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ጉሮሮ ሲሉ እንኳ አልምልም ያሉት ከጥቂት ሰዓት በፊት ነበር። ምን ያህል ከባድ ነገር እየጠየቁኝ እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ውሸቴን ከሆነ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ትከሻዬን ይዘው ተነሡ፤ ከዚያም እስከ ደጃቸው ድረስ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አላነሡም።

ያን ዓመት እርቦ ከፈልኩ፤ ልጃችንም ክረምቱን እዚያው ነፋሳም ተረተር ሥር ወጣችው። በተከታዩ የካቲት ሽማግሌው ሁለት ምስክር ይዘው ወደ ቤቴ መጡና «ዘንድሮ ሲሶ ነው፤ ሰማህ?» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩ። አስቀድሜ ስላወቅሁ ከላይ ያለውን ጠፍ መሬት ጨምሬ አረስኩና ሲሶዬን ከፈልኩ። ልጃቸው ወንፊት ይዛ አውድማ እየመጣች ከሚስቴ ጋር ታነፍስ ነበር። እሳቸው በአራተኛው ዓመት ሞቱ። ሊሞቱ ሰሞን ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «አባትህ እጄን ያውቀው ነበር አላልከኝም?» ይሉኝ ነበር፤ «አዎ» እላቸው ነበር።

በሐሰት መማሌን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደትም ጾምም ሰጥተውኝ ሁሉንም ፈጽሜአለሁ። ተጸጽተህ እንደሆን ንገረኝ ሲሉኝ ግን ያንን ደግሞ መዋሸት አልቻልኩም። ብዙ ዘመን አለፈ፤ እኔም ወደ አባቴ መሄጃዬ ተቃርቧል። አጥንቱ እስከ ዛሬ አልወጋኝም።